በልግን የማይውጥ ካርታ፦ የእርሻ ዝናብ ቀጠና የማውጣት ሥራ ማስታወሻ

ጥር 6

ሥራው የኢትዮጵያን የእርሻ መሬት በዝናብ ጠባዩ መከፋፈል ነው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የሚለው ክፍፍል ሙቀቱን በከፍታ ይናገራል፤ ለዚያ ዛሬም የሚተካው የለም። አገሪቱ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ስለሆነች ሙቀቱ ከወር ወር ብዙ አይለዋወጥም። ገበሬው መቼ ይዝራ፣ ምን ዓይነት ዘር ይምረጥ የሚለውን የሚወስነው የዝናቡ አገባብና አወጣጥ ነው።

በዓመት ድምር መክፈል (ከ900 ሚሊ ሜትር በታች ደረቅ፣ ከ900 እስከ 1,400 እርጥብ፣ ከዚያ በላይ በጣም እርጥብ) ለመጀመሪያ እይታ ይረዳል። ነገር ግን በሦስት ወር ውስጥ የሚወርድ 900 ሚሊ ሜትርና በሰባት ወር የሚወርድ 900 ሚሊ ሜትር አንድ ዓይነት እርሻ አይደሉም። ስለዚህ ካርታውን በትንንሽ ካሬ ከፍለን ለእያንዳንዱ ካሬ አምስት ነገር እናወጣለን፦ የሚጀምርበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የቀናቱ ብዛት፣ ወቅቱ ሁለት ከሆነ በመካከሉ ያለው ክፍተት፣ ከ10 ዓመት በስንቱ እንደሚሠምር።

ጥር 8

የዝናብ ዳታው ቺርፕስ ነው። የሳተላይትና የጣቢያ ልኬትን አዋሕዶ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰጣል። አንዱ ካሬ 0.05 ዲግሪ ነው፤ በእኛ አካባቢ ወደ 5.5 ኪሎ ሜትር በ5.5 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ቆርጠን ስናወጣ 240 በ300፣ ማለትም 72,000 ካሬ ሆነ። ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያሉት 30 ዓመታት 10,958 ቀናት ናቸው። እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት ስለሚይዝ ጠቅላላው 3.2 ጊጋ ባይት ገደማ ነው። ተራ ላፕቶፕ ይችለዋል፤ ዓመት በዓመት እየከፈቱ መሥራት ግን ይሻላል።

ሁለት ጥንቃቄ። ዳታ የሌለበት ቦታ -9999 ተብሎ ተሞልቷል። ይህን ሳያጸዱ አማካይ የሚያወጣ ሰው በባሕር ዳርቻ ከዜሮ በታች የሆነ ዝናብ ያገኛል። ሁለተኛው የበለጠ ያሳስባል፦ የዕለቱ ቁጥር መሠረቱ የአምስት ቀን ድምር ነው፤ ያ ድምር ነው በኋላ ለቀናት የሚከፋፈለው። ስለዚህ የአምስት ቀን ድምሩን ማመን ይቻላል፤ «በዚህ ወር ስንት ቀን ዘነበ?» ለሚለው ጥያቄ ግን ከዚህ ዳታ መልስ መውሰድ አይገባም። በወር ስድስት አምስታዎች (የአምስት ቀን ክፍሎች) አሉ፤ ስድስተኛው ግን ከ3 እስከ 6 ቀን ይደርሳል። ወደ ቀን አማካይ ሳይለውጡ እርስ በርስ ማወዳደር በየወሩ መጨረሻ የውሸት ጉብታ ወይም ጉድጓድ ያወጣል።

ጥር 9

የጣቢያ መዝገብ ማጽዳት። ከሁሉም ብዙ ጊዜ የሚበላው፣ ከሁሉም ደግሞ ብዙ የሚክሰው ይህ ነው።

መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩ ይታይ። በወረቀት የተያዘ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ «መስከረም» ተብሎ የተጻፈው ሴፕቴምበር ሆኖ ይገባል። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ወሩ የሚያልቀው ኦክቶበር 10 ነው። በጁላይና በኦገስት መካከል ዝናቡ ተቀራራቢ ስለሆነ ስሕተቱ እዚያ አይታይም፤ ጉዱ የሚወጣው ክረምቱ በሚወጣበት ወር ነው። በአዲስ አበባ የሴፕቴምበር አማካይ 149፣ የኦክቶበር 27 ሚሊ ሜትር ነው። የአሥር ቀን መንሸራተት እዚህ ላይ የወቅቱን ማብቂያ ያዛባል። ጳጉሜ ደግሞ 12 ዓምድ ባለው ቅጽ ውስጥ ቦታ የላትም፤ ወይ ትጠፋለች ወይ ነሐሴ ላይ ትደመራለች። ፈጣኑ መፈተኛ ይኸው፦ በየትኛውም ወር 31ኛ ቀን ከሌለ፣ ሁለተኛው የዓመቱ ወር ላይም 30 ቀን ከተሞላ፣ መዝገቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ቀጥሎ ሰዓቱ። ዝናብ የሚለካው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። የክረምት ዝናብ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላና ማታ ስለሚጥል፣ ጠዋት የተነበበው ውሃ የትናንት ነው። አንዳንዱ መዝጋቢ በተነበበበት ቀን፣ አንዳንዱ በዘነበበት ቀን ይጽፋል። የጣቢያውን መዝገብ አንድ ቀን ወደ ኋላ፣ እንዳለ፣ አንድ ቀን ወደ ፊት እያደረጉ ከአጎራባች ጣቢያ ጋር ማስተያየት፤ በተሻለ የሚገጥመው ትክክለኛው ነው።

ባዶ ቦታና ዜሮ አንድ አይደሉም። ባዶ ማለት አልተለካም ማለት ነው፤ ዜሮ ማለት ተለክቶ ዝናብ አልነበረም። በበጋ ወራት ባዶውን ሁሉ ዜሮ ማድረግ ያጓጓል፤ ያን ያደረገ ግን ደቡብ ላይ ሙሉ ወቅት ሊሰርዝ ይችላል።

የመጨረሻው መለኪያው ራሱ ነው። አፉ 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ የዝናብ መለኪያ ለ1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 20 ሚሊ ሊትር ውሃ ይይዛል። አፉ 20.3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክቡ ደግሞ 32.4 ሚሊ ሊትር። የንባብ ብርጭቆው ተሰብሮ የሌላው ዓይነት ሲተካ ንባቡ በ1.6 እጥፍ ይበዛል ወይም በዚያው ልክ ያንሳል። የሁለት ጣቢያዎችን ተደማሪ ዝናብ አንዱን በአግድም፣ ሌላውን በቁም አድርጎ መሣል ይበቃል፦ መስመሩ በአንድ ቀን ድንገት ከተሰበረና ከዚያ በኋላ በሌላ ተዳፋት ቀጥ ብሎ ከሄደ፣ የተለወጠው ሰማዩ ሳይሆን ብርጭቆው ነው።

ጥር 13

የአንድ ጉብታና የሁለት ጉብታ አገር መለየት። የተለመደው መንገድ ሃርሞኒክ ነው፦ የዓመቱን ዝናብ በአንድ ትልቅ ሞገድና በዓመት ሁለቴ በሚነሣ ሞገድ መመዘን። የሁለተኛው ቁመት ለአንደኛው ሲካፈል ከ1 በላይ ከሆነ ሁለት ወቅት፣ ከ1 በታች ከሆነ አንድ ወቅት ይባላል።

ኮዱን በ72,000 ካሬ ላይ ከመልቀቅ በፊት በእጅ ማስላት ግድ ነው። የአዲስ አበባ አማካይ፣ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር፦ 13፣ 30፣ 58፣ 82፣ 84፣ 138፣ 280፣ 290፣ 149፣ 27፣ 7፣ 7። ድምሩ 1,165 ሚሊ ሜትር።

አሠራሩ፦ ጃንዋሪን 30 ዲግሪ፣ ፌብሯሪን 60፣ እያሉ ዲሴምበርን 360 ማድረግ። የየወሩን ዝናብ በኮሳይኑ አባዝቶ መደመር፣ ለ6 ማካፈል፤ በሳይኑም እንዲሁ። ኮሳይኑ -97.7፣ ሳይኑ -60.6 መጣ። ሁለቱን በየራሳቸው አባዝቶ፣ ደምሮ፣ ስኩዌር ሩቱን ሲወስዱ የመጀመሪያው ሞገድ ቁመት 115 ነው፤ ጫፉ ጁላይ 17 አካባቢ (ሐምሌ 10) ያርፋል። ለሁለተኛው ዲግሪዎቹን እጥፍ ማድረግ ነው፤ ቁመቱ 61 ሆነ። 61 ለ115 ሲካፈል 0.53። ስለዚህ በደንቡ መሠረት አዲስ አበባ ባለ አንድ ወቅት ናት።

ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ዋናው ነገር ነው። የሁለተኛው ሞገድ ጫፎች የት እንዳረፉ ይታይ፦ ፌብሯሪ 6 እና ኦገስት 6 (ጥር 29 እና ሐምሌ 30)። ጥር መጨረሻ ላይ በአዲስ አበባ የዝናብ ወቅት የለም! ይህ ሞገድ በልግን አላገኘም። ያገኘው የክረምቱን ሹልነት ነው፦ ጁላይና ኦገስት ብቻቸውን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ስለሚያወርዱ አንድ ክብ ሞገድ አይበቃቸውም፤ ሁለተኛው የሚገባው ጫፉን ለማሾል ነው።

ምክንያቱም ቀላል ነው። የሁለተኛው ሞገድ ጫፎች ሁልጊዜ በትክክል ስድስት ወር ይራራቃሉ። ቦረና ላይ ሁለቱ የዝናብ ወቅቶች፣ ጋና እና ሃጋያ፣ በኤፕሪልና በኦክቶበር ስለሚያይሉ ይገጥማቸዋል። የበልግና የክረምት ጫፍ ግን በኤፕሪልና በኦገስት፣ ማለትም አራት ወር ብቻ ተራርቀው ነው ያሉት። በዓመት ሁለቴ የሚነሣ ሞገድ እነዚህን ሁለቱን ሊነካ አይችልም። ሦስተኛውን ሞገድ ስናሰላ ቁመቱ 35፣ ጫፎቹ ኤፕሪል 5፣ ኦገስት 5 እና ዲሴምበር 5 ሆኑ። የኤፕሪሉ ጫፍ ያስደስታል፤ ግን አይታመንም። ክረምቱ ሹል ስለሆነ ብቻ ኦገስት ላይ ጫፍ የሚያወጣ ሦስተኛ ሞገድ፣ ወደደም ጠላም አራት ወር ወደ ኋላ ሄዶ ኤፕሪልን ይጠቁማል። የዲሴምበሩ ጫፍ ከምንም ያልመጣ መሆኑ ምስክር ነው።

ውሳኔ፦ ሃርሞኒኩን ደቡቡን ለመለየት ብቻ እንጠቀምበታለን፤ ከ1 በላይ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ጫፉ ከማርች 20 እስከ ሜይ 10 ባለው ውስጥ ማረፉም ይጠየቃል። ለበልግ አገር ሌላ መንገድ ያስፈልጋል።

ጥር 14

ሌላው የታወቀ መንገድ ተደማሪ ልዩነት ነው። ከየወሩ ዝናብ የዓመቱን አማካይ (ለአዲስ አበባ 97.1) ቀንሶ እየደመሩ መሄድ፤ ድምሩ የሚረግጠው ዝቅተኛ ነጥብ የወቅቱ መጀመሪያ፣ ከፍተኛው ማብቂያው ነው። በአዲስ አበባ ቁጥር ዝቅተኛው ሜይ መጨረሻ -218፣ ከፍተኛው ሴፕቴምበር መጨረሻ +250 ነው። ወቅቱ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ሆነ ማለት ነው።

ለክረምቱ ጥሩ ነው። ከፌብሯሪ እስከ ሜይ የወረደው 254 ሚሊ ሜትር ግን፣ ከዓመቱ 22 በመቶው፣ «ደረቅ ወቅት» ውስጥ ገባ። በዚያ ውሃ የበልግ ገብስ የሚዘራ ደገኛና የረጅም ጊዜ ማሽላ የሚያበቅል ቆለኛ አለ። በልግን የሚውጥ ካርታ ለእነሱ ካርታ አይደለም። ዘዴውን ጣልነው፤ ለምዕራቡ ማመሳከሪያ ብቻ ቀረ።

ጥር 20

በየዓመቱ የሚጀምርበትን ቀን መፈለግ። የያዝነው ደንብ፦ በሦስት ተከታታይ ቀናት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያም በሚቀጥሉት 30 ቀናት ውስጥ 10 ቀን የተከታተለ ደረቅ ጊዜ አለመኖር። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ቀን ደረቅ ይባላል። ሁለተኛው ክፍል ነው ዘሩን የሚያድነው፤ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ብሎ የሚያቆም ደንብ አታላዩን ዝናብ ሁሉ መጀመሪያ ያደርገዋል፣ ዘሩም በቅሎ ይጠወልጋል። ጥር 8 ላይ በተጻፈው ምክንያት በቺርፕስ ላይ ሦስቱ ቀናት በአንድ አምስታ፣ 10 ቀኑ በሁለት ደረቅ አምስታዎች ተተክተዋል፤ አንድ አምስታ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ደረቅ ነው።

ፍለጋው ከየትኛው ቀን ይጀምር የሚለው ብዙ ያበላሻል። መስኮቱን ጁን 1 ላይ ስንከፍት በጎሬና በጅማ በኩል መጀመሪያው በሁሉም ዓመት ጁን 1 ሆነ። እዚያ ዝናቡ ከማርችና ከኤፕሪል ጀምሮ ስላለ ደንቡ መስኮቱ እንደተከፈተ ይሟላል። መለያ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ 30ዎቹ ዓመታት በአንድ ቀን ላይ ከተከመሩ ያ ቀን የእኛ እንጂ የዝናቡ አይደለም። መስኮቱን ለሁሉም ፌብሯሪ 1 ላይ ከፈትነው፤ ለደቡቡ ሁለተኛ ወቅት ኦገስት 15 ላይ ሌላ መስኮት ተጨመረ።

ጀማሪ ሁሉ የሚስተው፦ ደንቡ ጨርሶ ያልተሟላበት ዓመት ባዶ ሆኖ ይመጣል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ባዶውን ዘሎ አማካይ ያወጣል። ከ30 ዓመት 12ቱ ያልሠመሩበት ቦታ በቀሩት 18 ብቻ ተመዝኖ አማን ይመስላል። ያልሠመረ ዓመት ርዝመቱ ዜሮ ቀን ተብሎ መቆጠር አለበት።

ጥር 23

ማብቂያውና ርዝመቱ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) መለኪያ ዝናቡ ከትነት ፍላጎት (ከመሬትና ከሰብል ሊተን ከሚችለው ውሃ) ግማሽ በላይ የሆነበትን ጊዜ ይይዛል፣ ከዚያም አፈሩ ያጠራቀመው እስከ 100 ሚሊ ሜትር ውሃ እስኪያልቅ ያሉትን ቀናት ይጨምራል። በአዲስ አበባ ቁጥር ለመፈተን የትነት ፍላጎቱን በቀን 4 ሚሊ ሜትር ብንይዘው በወር 120፣ ግማሹ 60 ነው። ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ያሉት ስድስቱ ወራት ያልፋሉ። ማርች 58 ሆኖ በ2 ሚሊ ሜትር ይወድቃል። ኦክቶበር 27 ዘንቦ 120 ይፈለጋል፤ ጉድለቱ 93 ከአፈሩ ይወጣል፤ የተጠራቀመው ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ያልቃል። ሰባት ወር ገደማ።

ይህ ቁጥር ግን ሁለት ነገር ይደብቃል። የወር አማካይ ስለሆነ በበልግና በክረምት መካከል የሚፈጠረውን መቋረጥ አያሳይም፦ አንዱ ዓመት ሜይ መጀመሪያ፣ ሌላው ሜይ መጨረሻ ላይ ይደርቃል፣ አማካዩ ሲወሰድ ሁለቱም ይሞላሉ። ስለዚህ ሒሳቡ በየዓመቱ በአሥር ቀን ድምር ይሠራል፤ አማካይ የሚወሰደው በመጨረሻ ብቻ ነው። ሁለተኛው አፈሩ ነው። 100 ሚሊ ሜትር ለሁሉም አይሆንም። አሸዋማው መሬት 60 ሊይዝ ይችላል፤ ጥልቅ ዋልካ ከ150 በላይ። በበቾ ሜዳ ገበሬው ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው፤ ሰብሉ ቀሪውን ዕድሜ ከዋልካው በሚጠጣው ውሃ ይጨርሳል። በ100 ብቻ ያሰላ ካርታ እዚያ ወቅቱ አለቀ በሚልበት ሰዓት ሽምብራው ገና እየበቀለ ነው። ለዋልካ 150፣ ለአሸዋማ 60፣ ለቀረው 100 ተይዟል።

ጥር 28

የቀጠናዎቹ ኮዶች። በሒሳብ ማቧደኛ ፕሮግራም ከመተው በቃል ሊነገር የሚችል ደንብ መረጥን፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ «ለምን እዚህ ገባን?» ሲል መልስ ሊሰጠው ይገባል።

ሀ፦ አንድ ረጅም ወቅት፣ 210 ቀን ወይም ከዚያ በላይ፣ ሁለት ተከታታይ ደረቅ አሥርት (የአሥር ቀን ክፍል) የሌለበት። የኢሉባቦርና የጅማ አካባቢ።
ለ፦ አንድ ወቅት፣ ከ210 ቀን በታች፣ በልግ የሌለው ወይም የማይረባ። የትግራይን ደጋ ምዕራብ ጨምሮ ሰሜን ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል።
ሐ፦ በልግና ክረምት፣ በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ተከታታይ ደረቅ አሥርት ከ30 ዓመት ቢያንስ በ15ቱ የታየበት። ወሎ፣ የሐረርጌ ደጋ፣ ድሬዳዋ።
መ፦ ሁለት ወቅት፣ ጁን፣ ጁላይና ኦገስት ደረቅ። ቦረና ጋናና ሃጋያ፣ ሶማሌ ጉና ደይር የሚላቸው።
ሠ፦ የትኛውም ወቅት ከ60 ቀን የማያልፍበት። አፋር ሱጉምና ካርማ ብሎ የሚቆጥራቸው ዝናቦች ለግጦሽ ትልቅ ዋጋ አላቸው፤ ካርታው «ያለ መስኖ አይዘራም» ይበል እንጂ «ዝናብ የለም» እንዳይል ጽሑፉ ታርሟል።

ከኮዱ በታች አስተማማኝነቱ ይጻፋል። የ30ውን ዓመት ርዝመት ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር፤ 7ኛው ላይ ያለው ቁጥር ከ10 ዓመት 8ቱ የሚያሟሉት ነው። ዘር የሚመረጠው በዚህ ቁጥር እንጂ በአማካዩ አይደለም።

የካቲት 2

ፍተሻ። ክፉ ዓመታት በካርታው ላይ ክፉ ሆነው መታየት አለባቸው። 2002 እና 2015 እ.ኤ.አ. በሰሜንና በምሥራቅ የክረምቱ ርዝመት ሲያጥር ታየ። በቦረና የ2010 መጨረሻና የ2011 መጀመሪያ ወቅቶች ዜሮ ቀን ሆነው ወጡ። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በተከታታይ ያልሠመሩት አምስት ወቅቶች ከ30ው ዓመት ውጪ ስለሚዘልቁ ለብቻ ተሰልተው ከ«መ» ቀጠና ጎን ተቀመጡ፤ የቦረና አርብቶ አደር ያጣውን ከብት እያሰብን የሃጋያን አስተማማኝነት ከጋና ጋር በአንድ ቁጥር መጨፍለቅ አልፈለግንም፤ ሁለቱ ለየብቻ ታትመዋል።

ከልማት ጣቢያ ሠራተኞች ጋር ለማመሳከር የተዘጋጀው ቅጽ «ዝናብ መቼ ይጀምራል?» ብሎ አይጠይቅም። መልሱ ሁልጊዜ «ድሮ እንዲህ ነበር፣ አሁን ተዛብቷል» ነው። የሚጠይቀው፦ የረጅም ጊዜ ማሽላ ሚያዝያ ላይ ይዘራል? ካልዘነበ በምን ይተካል፣ እስከ መቼስ ይጠበቃል? በልግ ገብስ አለ? ሚያዝያ ላይ ማሽላ ከተዘራና ሲጠፋ ሐምሌ ላይ በጤፍ የሚተካ ከሆነ፣ ያ ቀበሌ «ሐ» ነው፣ ሒሳቡ «ለ» ቢለውም እንኳ።

የካቲት 5

ወሰኖቹ። ከ20 ካሬ ያነሱ ብጥስጣሽ ደሴቶች (600 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ) ወደ አጎራባቻቸው ተዋሕደዋል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ያሉት ግን አልተነኩም፣ ተራራ በእውነትም ደሴት ስለሆነ። በዓባይ ሸለቆ አንድ ካሬ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ይይዛል፤ ደጋውና ቆላው በአንድ ቁጥር ተጠቅልለዋል። የ90 ሜትር የከፍታ ዳታ ከዝናቡ ኮድ በላይ ተነባብሮ «ሐ ወይና ደጋ»፣ «ሐ ቆላ» እየተባለ ተለየ።

አዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ካሬዎች ደረቁን አሥርት ከ30 ዓመት በ14፣ በ15፣ በ16 ሲያሳዩ በአንድ ዓመት ልዩነት ከኮድ ወደ ኮድ ይዘላሉ። ከ12 እስከ 18 የሆኑት ሁሉ በሁለቱ ቀለማት ሰያፍ መስመር ተሠርተዋል፤ በማብራሪያው ላይም «በልጉ በአንዱ ዓመት ይዘራል፣ በሌላው አይዘራም» ተብሎ ተጽፏል። የኪውጂአይኤስ (የካርታ ፕሮግራም) ፋይሉ ከ30ው ዓመት ርዝመት ሠንጠረዥ ጋር አብሮ ይሰጣል፤ ካሬውን የነካ ሰው እያንዳንዱን ዓመት ለብቻ ያያል።